የሥጋ በል ዳይኖሰር ጥርስ በምን ይታወቃል? ከአዳማ ዓለት እስከ ጀማ ሸለቆ

አዳማ ዙሪያ ጉድጓድ ያስቆፈረ ሰው ከውስጡ ምን እንደሚወጣ ያውቃል። ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ነጭ ድንጋይ፣ ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ቀይ ጠጠር፣ ጥቁር ባዛልት፣ አልፎ አልፎም የሚያብለጨልጭ ባልጩት ይወጣል። የዳይኖሰር አጥንት ወይም ጥርስ ግን አይወጣም። ወደ ቦሰት ተራራ ቢወጡ፣ ወደ ወለንጪቲና መተሐራ ቢወርዱ፣ በሞጆ ዞረው ወደ ዝዋይ ቢሄዱም ያው ነው።

ነገሩ የድንጋዩ ዕድሜ ነው። የጂኦሎጂ ባለሙያዎች በዚህ የስምጥ ሸለቆ ክፍል ተደራርቦ የሚገኘውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በከተማዋ የቀድሞ ስም ናዝሬት ብለው ሰይመውታል። ዕድሜው ከ10 ሚሊዮን ዓመት እምብዛም አያልፍም። የቦሰት ተራራ ራሱ አንድ ሚሊዮን ዓመት አልሞላውም፤ መተሐራ አጠገብ ያለው ፈንታሌ ደግሞ የመጨረሻ ቅልጡን ያፈሰሰው ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ወፎችን ትተን የመጨረሻዎቹ ዳይኖሰሮች ከምድር የጠፉት የዛሬ 66 ሚሊዮን ዓመት ስለሆነ፣ የአዳማ ድንጋይ ገና ሳይፈጠር እነሱ ከጠፉ 50 ሚሊዮን ዓመት አልፏቸው ነበር።

ታዲያ ወደ ታች ቢቆፈርስ? በላንጋኖ አጠገብ በአሉቶ ለእንፋሎት ኃይል የተቆፈሩት ጉድጓዶች ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ወርደው እንኳ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ አልወጡም። የዳይኖሰር ዘመን ደለል ግን በሸለቆው ሥር ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። በምዕራቡ የሸለቆ ዳር፣ ከቡታጅራ ብዙ በማይርቀው ኬላ፣ መሬቱ ተሰንጥቆ ከፍ ባለበት ቦታ ያ አሮጌ ድንጋይ ብቅ ብሎ ይታያል። አዳማ ላይ ግን ከእጅ በማይደርስ ጥልቀት ተቀብሯል። ስለዚህ ስለ ሥጋ በል ዳይኖሰር ጥርስ ማወቅ የሚፈልግ የአዳማ ሰው ወደ ሰሜን፣ ወደ ዓባይና ገባሮቹ ሸለቆ መሄድ አለበት።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የተጓዘ ሁሉ ያንን ቁልቁለት ያስታውሳል። ሾፌሩ ፍሬን ሲጠብቅ መንገደኛው በመስኮት የሚያየው ገደል የኢትዮጵያ የድንጋይ መዝገብ ነው። ከላይ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያለው ባዛልት አለ። ከሥሩ የደብረ ሊባኖስ አሸዋ ድንጋይ ይመጣል። ቀጥሎ በሙገር ስም የሚጠራው ጭቃ ድንጋይ፣ ከዚያ የባሕር ቀንድ አውጣና ዛጎል የሞላበት የአንታሎ ኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰም፣ ከሁሉም ሥር የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ። ቅደም ተከተሉ የሚናገረው ባሕር መጥቶ አገሩን አልብሶት እንደነበረ፣ በኋላም ወደ መጣበት እንደተመለሰ ነው። የእኛን ጉዳይ የሚነካው የሙገሩ ጭቃ ድንጋይ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ወንዞችና ረግረጎች በተተኩበት ጊዜ የተከማቸ ደለል ስለሆነ፣ የየብስ እንስሳት ቅሪት የሚገኘው በእሱ ውስጥ ነው።

የዓባይ ገባር የሆነው ጀማ ወንዝ በሰሜን ሸዋ ይህን ጭቃ ድንጋይ ቆርሶ አጋልጦታል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ይሠሩ የነበሩት ማርክ ጉድዊንና ዊሊያም ክሌመንስ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚያ ሥራ ጀመሩ። በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ የዓሣ፣ የኤሊ፣ የአዞ ዘመዶችና የዳይኖሰር ቅሪቶች እንዳገኙ ገለጹ። ከቅሪቶቹ ጋር በደለሉ ውስጥ የተቀበረው የጥንት ዕፅዋት ብናኝ ዕድሜውን ነገራቸው፤ የጁራሲክ ዘመን ማብቂያ፣ የዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። በ2007 እ.ኤ.አ. ከዚያው ሸለቆ የአንዲት ጥንታዊ አጥቢ እንስሳ ጥርስ ይፋ ሆነ። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሆልና ጉድዊን ከዚሁ ደለል የተሰበሰቡትን ልዩ ልዩ የዳይኖሰር ጥርሶች ለሙያ ጉባኤ አቀረቡ። ልብ በሉ፤ ከጀማ የመጣው የዳይኖሰር ወሬ በአመዛኙ የጥርስ ወሬ ነው። ሙዚየም ውስጥ እንደምናየው የቆመ አፅም የለም።

ለምን ጥርስ ብቻ?

ሁለት ምክንያት አለ፤ አንደኛው ጥንካሬ ነው። ጥርስን የሚሸፍነው ኢናሜል በአካል ውስጥ ካለው ሁሉ የሚጠነክር ነገር ነው፤ ወንዝ ሲያንከባልለው፣ ጭቃ ሲጫነው አጥንት ተፈርክሶ ሲያልቅ እሱ ይተርፋል።

ሁለተኛው ብዛት ነው። እኛ ሰዎች የወተት ጥርሳችንን ጥለን አንድ ጊዜ ብቻ እንተካለን። ዳይኖሰሮች ግን እስኪሞቱ ድረስ እየጣሉ ይተኩ ነበር። በጥርሱ ውስጥ በየቀኑ የሚጨመሩትን ቀጫጭን መስመሮች በአጉሊ መነጽር መቁጠር ስለሚቻል፣ አንዱ ጥርስ በስንት ጊዜ እንደሚተካ ይሰላል። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የማዳጋስካሩ ማጁንጋሰረስ አንድን ጥርስ በ56 ቀን ገደማ፣ የአሜሪካዎቹ አሎሰረስና ሴራቶሰረስ ደግሞ ከ100 ቀን ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ይተኩ እንደነበር አስልቷል። እንግዲህ 60 ጥርስ ያለው እንስሳ እያንዳንዱን በየ100 ቀኑ ቢተካ በዓመት ከ200 በላይ ጥርስ መሬት ላይ ይጥላል ማለት ነው። አፅሙ አንድ፣ ጥርሱ በሺህ የሚቆጠር። ደለል አጣቢው ተመራማሪ ጥርስ ማግኘቱ አያስደንቅም።

የወደቀ ጥርስና ከሞተ እንስሳ መንጋጋ የተነቀለ ጥርስም ይለያያሉ። አዲሱ ጥርስ ከሥር ሲመጣ የአሮጌውን ሥር እየበላው ስለሚወጣ፣ በሕይወት እያለ የተጣለ ጥርስ ሥር የለውም፤ ታቹ የተቦረቦረ አክሊል ብቻ ነው። ረጅም ሥር ያለው ጥርስ የተገኘበት ቦታ ላይ የተቀረው አካል አጠገብ ሊኖር ይችላልና አጥኚው ቁፋሮውን ያሰፋል። ሥር የለሽ ጥርሶች በብዛት የተበተኑበት ቦታ ደግሞ እንስሳው የሞተበት ሳይሆን የበላበት ሊሆን ይችላል።

አሠራሩ ቀላልና አሰልቺ ነው። ጭቃ ድንጋዩ ተሰብስቦ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ሲፈታ በወንፊት ይታጠባል፤ የቀረው ደርቆ በአጉሊ መነጽር ሥር በመርፌና በብሩሽ ይለቀማል። አንዳንዶቹ ጥርሶች ከስንዴ ቅንጣት እምብዛም አይተልቁም።

ቅርጹን ማንበብ

አንድ ጥርስ እጅ ላይ ሲወድቅ የመጀመሪያው ጥያቄ የየትኛው ታላቅ ወገን እንደሆነ ነው። የአጥቢ እንስሳ መንጋጋ ጥርስ ብዙ ጉብታ ያለውና አብዛኛውን ጊዜ ሁለትና ከዚያ በላይ ሥር ያለው ነው። የአዞ ጥርስ ክብ መሠረት ያለው ሾጣጣ ነው፤ አዋሽ ውስጥ ያሉትን አዞዎች በቅርብ ያየ ሰው ያውቀዋል። ይይዛል እንጂ አይቆርጥም። የሥጋ በል ዳይኖሰር ዓይነተኛ ጥርስ ግን ከጎን ጠፍጣፋ፣ ጫፉ ወደ ጉሮሮ የታጠፈ፣ ጠርዙ ላይ ጥቃቅን ጥርሶች የተደረደሩበት ነው፤ አጫጆች የሚይዙትን ባለጥርስ ማጭድ ያስታውሳል። ሥራውም ተመሳሳይ ነው፤ ሲጎተት ይቆርጣል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ባለጥርስ ጠርዝ ያለው ሁሉ ሥጋ በል አይደለም። ቅጠል በል ዳይኖሰሮችም ጠርዛቸው የተቆራረጠ ነበር፤ ነገር ግን ጥርሳቸው ቅጠል የሚመስል፣ መሐሉ ሰፋ ያለ ሲሆን፣ የጠርዙ እርከኖች ትልልቅና ወደ ጫፉ ያዘነበሉ ናቸው። የሥጋ በሉ እርከኖች ደቃቅ ናቸው፤ ከጠርዙ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርተው ይቆማሉ። በአጉሊ መነጽር ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ከዚያ መለካት ይመጣል። ባለሙያው የአክሊሉን ቁመት፣ የመሠረቱን ርዝመትና ውፍረት ይለካል። ቀጥሎ በፊትና በኋላ ጠርዝ ላይ በ5 ሚሊ ሜትር ውስጥ ስንት እርከን እንዳለ ይቆጥራል። በትልልቅ ሥጋ በሎች ላይ 10 ገደማ ሊሆን ይችላል፤ በትናንሾቹ ከ20 በላይ ይሆናል። የፊትና የኋላው ቁጥር እኩል ነው ወይስ ይለያያል? ይህን ልዩነት በቁጥር የመግለጽ ዘዴ የመጣው ከጎረቤታችን ከሱዳን ጥርሶች ነው። ኦሊቨር ራውሁትና ክሪስታ ቨርነር በ1995 እ.ኤ.አ. በሰሜን ሱዳን ዋዲ ሚልክ የተገኙ ጥርሶችን ሲያጠኑ፣ የኋላው ጠርዝ እርከኖች ከፊተኛው ይልቅ በግልጽ የሚተልቁ መሆናቸውን አዩ። ይህ የቬሎሲራፕተር ዘመዶች የሆኑት ድሮሚዮሰሮች ምልክት ስለሆነ፣ ያ ወገን በአፍሪካም ኖሯል ብለው ጻፉ።

ሌሎችም ወገኖች የየራሳቸው ምልክት አላቸው። የአቤሊሰሮች ጥርስ አጠር ያለ ሲሆን የኋላ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው ለማለት ይቻላል። የሰሃራው ካርካሮዶንቶሰረስ ጥርስ ትልቅና ስስ ነው፤ ኢናሜሉ ላይ ጠርዙን ተከትለው የሚሄዱ የተሸበሸቡ መስመሮች ይታያሉ። ስፓይኖሰረስ ደግሞ ከሥጋ በል ዳይኖሰሮች መሐል ጥርሱን ወደ አዞ መልክ የመለሰው ነው፤ ሾጣጣ፣ እርከን አልባ፣ ዓሣ ለመያዝ የተመቸ። ይህ የመጨረሻው ምሳሌ ሊያስቆመን ይገባል። የስፓይኖሰረስን መንጋጋ ሳያዩ ጥርሱን ብቻ ያገኘ ሰው አዞ ነው ቢል ማን ይፈርድበታል?

የምግብ ምልክትና የዘር ምልክት

በእኔ እምነት ስለ ጥርስ የሚጻፉ ዜናዎች የሚስቱት ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ጥርስ ባለቤቱ ምን ይበላ እንደነበረ ፈጥኖ ይናገራል፤ የማን ልጅ እንደሆነ ግን እንዲሁ አይናገርም። ሥጋ የሚቆርጥ ጥርስ መልኩ በሥራው የሚወሰን ስለሆነ፣ ምንም ዝምድና የሌላቸው እንስሳት ወደ አንድ ዓይነት ቅርጽ ይደርሳሉ። በኢንዶኔዥያ ዛሬ የሚኖረው የኮሞዶ እንሽላሊት ጥርስ ጠፍጣፋ፣ የታጠፈና ባለእርከን ነው። ከዳይኖሰሮች በፊት የኖረው ዳይሜትሮደን ወደ እኛ ወደ አጥቢዎች የሚቀርብ ሆኖ እንኳ እንዲህ ዓይነት ጥርስ ያላቸው ዘመዶች ነበሩት።

ችግሩ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሥጋ በል ዳይኖሰሮች ላይ ነው። በአርጀንቲና ኢሽቺጓላስቶ የተገኘው ሄሬራሰረስ 231 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያለው ነው። በአፍሪካ ከቀደምቶቹ ሥጋ በሎች አንዱ ማይክል ራዝ በ1969 እ.ኤ.አ. ከዚምባብዌ የገለጸው፣ በዚያን ጊዜ ሲንታርሰስ የተባለውና ዛሬ ብዙዎች ከኮሎፊሲስ ጋር የሚመድቡት ቀጭን እንስሳ ነው። ከጁራሲክ በፊት በነበረው በትሪያሲክ ዘመን ግን ዳይኖሰሮች የአገሩ ጌቶች አልነበሩም። ራዊሱኪያን የሚባሉት ትልልቅ የአዞ ወገኖችና ረጅም አፍ የነበራቸው ፋይቶሰሮች አብረዋቸው ይኖሩ ነበር፤ የእነዚህም ጥርስ ጠፍጣፋና ባለእርከን ነበር። ከትሪያሲክ ድንጋይ የወጣን አንድ ነጠላ ጥርስ ይዞ «ይህ ዳይኖሰር ነው» የሚል ሰው ብዙ ማስረጃ ሊጠየቅ ይገባዋል።

እንዲህ ብሎ የተሳሳተ ሳይንስ ምሳሌ አለ። በ1989 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ የተገኙ ትንንሽ ጥርሶች ሬቩልቶሰረስ ተብለው፣ ከቀደምት ቅጠል በል ዳይኖሰሮች መሐል ተመደቡ። ለ15 ዓመት ያህል መጻሕፍት እንዲያ ሲሉ ቆዩ። ከዚያ አሪዞና ውስጥ ጥርሱ ከነአፅሙ ተገኘ፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ሲታተም እንስሳው ዳይኖሰር ሳይሆን የአዞ ወገን ሆኖ ቀረበ። ከእሱ ጋር በጥርስ ብቻ የተሰየሙ ሌሎች የሰሜን አሜሪካ «ቀደምት ዳይኖሰሮች»ም ጥርጣሬ ውስጥ ወደቁ።

ከዚያ የሚቀድመው ስህተት አፍሪካን በቀጥታ ይነካል። ዊሊያም ባክላንድ በ1824 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ባለጥርስ መንጋጋ አግኝቶ ሜጋሎሰረስ ካለው በኋላ፣ ጠፍጣፋ ባለእርከን ጥርስ የተገኘ ሁሉ ለአንድ ምዕተ ዓመት በዚያው ስም ሲጠራ ኖረ። ፈረንሳዊው ሻርል ደፔሬ በ1896 እ.ኤ.አ. ከማዳጋስካር የመጡትን ጥርሶች የሜጋሎሰረስ ዝርያ አላቸው፤ በ1925 እ.ኤ.አ. ከባልደረባው ጋር ሆኖ ከአልጄሪያ ሰሃራ የመጡትንም እንደዚሁ። መንጋጋና የራስ ቅል ሲገኝ ግን ነገሩ ተለየ። የአልጄሪያው በ1931 እ.ኤ.አ. በኤርንስት ሽትሮመር ካርካሮዶንቶሰረስ ተባለ፤ የማዳጋስካሩ በ1955 እ.ኤ.አ. ማጁንጋሰረስ ተባለ፤ ሁለቱም ከእንግሊዙ ሜጋሎሰረስ የተለዩ፣ እርስ በርሳቸውም በቤተሰብ የማይገናኙ ሆነው ተገኙ። ደፔሬ ሰነፍ ሰው ስለነበረ አይደለም። በእጁ የነበረው ጥርስ ከዚያ በላይ አልነገረውም።

ከውጭ ቅርጽ አልፎ ውስጡን ማየት መፍትሔ መስሎ የታየበት ጊዜ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ኪርስቲን ብሪንክና ባልደረቦቿ የሥጋ በል ዳይኖሰሮችን ጥርስ ሰንጥቀው በአጉሊ መነጽር ሲመለከቱ፣ በእያንዳንዱ ሁለት እርከን መሐል ወደ ውስጥ ጠልቆ የሚገባ እጥፋት አገኙ። ቀድሞ አጥንት ሲነክስ የመጣ ስንጥቅ ነው ይባል ነበር፤ እነሱ ግን ገና ድድ ባልበሳ ጥርስ ላይም ስላዩት አብሮ የሚያድግ ማጠንከሪያ እንደሆነ አሳዩ። የኮሞዶ እንሽላሊት ይህ የለውም። ግሩም መለያ ነው! ዳሩ ግን ብዙ አልቆየም። በ2020 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ እጥፋት ከዳይኖሰሮች በፊት በኖሩትና ወደ አጥቢዎች በሚቀርቡት ጎርጎኖፕሲያኖች ጥርስ ውስጥም ተገኘ። ሥራው አንድ ሲሆን የውስጥ አሠራሩም ሊመሳሰል እንደሚችል ታወቀ።

አሁን ደግሞ ኮምፒዩተር ገብቶበታል። በመቶዎች የሚቆጠሩ የታወቁ ጥርሶች ልኬት ይመገባል፤ ባለቤቱ ያልታወቀው ጥርስ ለየትኛው እንደሚቀርብ ማሽኑ ያሰላል። በ2023 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ ከመካከለኛው ጁራሲክ ዘመን ትናንሽ ጥርሶች ውስጥ የወፍ ዘመድ የሆኑ ሥጋ በሎችን ለይተዋል። ዘዴው ጠቃሚ ነው፤ ቢሆንም ማሽኑ የሚያውቀው የተመገበውን ብቻ ነው። ከተመገቡት ጥርሶች የሚበዙት የአሜሪካ፣ የአውሮፓና የእስያ ከሆኑ፣ ማንም አይቶት የማያውቅ የኢትዮጵያ እንስሳ ጥርስ ሲቀርብለት ከሚያውቃቸው ለአንዱ መድቦ ያልፈዋል።

የጀማ ጥርሶች ምን ላይ ይቆማሉ?

የጀማዎቹ ጥርሶች ከኢሽቺጓላስቶ ዘመን 80 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዘግይተው የመጡ በመሆናቸው አንዱ ችግር ቀሎላቸዋል። ራዊሱኪያኖችና ፋይቶሰሮች በዚያን ጊዜ የሉም፤ በትሪያሲክ ማብቂያ ጠፍተዋል። ስለዚህ ከጁራሲክ መጨረሻ ደለል የመጣ ጠፍጣፋ፣ የታጠፈ፣ ባለደቃቅ እርከን ጥርስ ሥጋ በል ዳይኖሰር ነው ብሎ መነሳት ያስኬዳል። በዚያ ዘመን የኖሩ አንዳንድ የአዞ ዘመዶችን ግን ማግለል ያስፈልጋል፤ ጀማ ውስጥ አዞ መሰሎችም አሉና።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የየትኛው ቤተሰብ ነው የሚል ነው፤ ለዚህም ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል። በዘመን የሚቀራረበው የምሥራቅ አፍሪካ ቦታ ጀርመኖች ከ1909 እስከ 1913 እ.ኤ.አ. የቆፈሩት የታንዛኒያው ተንዳጉሩ ነው። በርሊን ሙዚየም ውስጥ የቆመው ግዙፉ ጂራፋቲታን ከዚያ የመጣ ነው። የሥጋ በሎቹ ቅሪት ግን እዚያም ጥቂት ነው፤ ከኤላፍሮሰረስ አፅም ሌላ በአመዛኙ የተበታተነ አጥንትና ጥርስ ነው። ኤላፍሮሰረስም ራሱ የተገኘው ያለ ራስ ቅል ስለሆነ ጥርሱ ምን እንደሚመስል አናይም። እንግዲህ የጀማን ጥርስ ለማወቅ የሚያስፈልገው የጎረቤት መንጋጋ ራሱ ጎድሏል።

ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ ስም ብቻ አይደለም። በጁራሲክ መጨረሻ አፍሪካ፣ ደቡብ አሜሪካ፣ ማዳጋስካር፣ ሕንድ፣ አንታርክቲካና አውስትራሊያ ጎንድዋና በሚባለው ታላቅ መሬት ውስጥ ነበሩ፤ መሬቱም መለያየት ጀምሮ ነበር። በኋለኛው ዘመን የደቡቡ አህጉራት ሥጋ በሎች ከሰሜኖቹ ተለይተው ይታያሉ፤ አቤሊሰሮች በማዳጋስካር፣ በሕንድና በአርጀንቲና ነግሠዋል። ይህ መለያየት መቼ ተጀመረ? ከአፍሪካ የዚያ ዘመን ማስረጃ በጣም ጥቂት ስለሆነ ከጀማ ወንፊት የወጣ የጣት ጥፍር የማያክል ጥርስ በሚዛኑ ላይ ይከብዳል። ሆልና ጉድዊንም የ2011ዱን ጥናታቸውን ያያያዙት ከዚሁ ከጎንድዋና ጥያቄ ጋር ነው።

ወደ አዳማ ስንመለስ፣ ስምጥ ሸለቆው ዳይኖሰር ባይኖረውም ያው የጥርስ ፈተና ደርሶበታል። ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በምዕራብ ሐረርጌ በኩል ጮሮራ የሚባል የደለል ቦታ አለ። ሂፓሪዮን የተባለው ባለሦስት ጣት ፈረስ ቀድሞ የተገኘበት ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ገን ሱዋ፣ ብርሃነ አስፋውና ዮናስ በየነ ያሉበት ቡድን ከዚያ የተገኙ 9 ጥርሶችን ይዞ ቾሮራፒቴከስ አቢሲኒከስ የተባለ የጥንት ዝንጀሮ ዝርያ ይፋ አደረገ። መጠናቸው የጎሪላን ያህላል፤ የመንጋጋ ጥርሶቹ ቅጠልና አገዳ ለመቆራረጥ የሚረዳ ስል ጉብታ ነበራቸው። ቡድኑ የኢናሜሉን ውስጣዊ ቅርጽ በራጅ አንሥቶ ከጎሪላ ጋር አነጻጸረና የጎሪላ ዘር ሊሆን ይችላል አለ። ሌሎች ሊቃውንት ግን ጥያቄ አነሡ፤ ጎሪላ የሚበላውን የሚበላ ሌላ ዝንጀሮ ያንኑ ዓይነት ጥርስ ሊያበቅል አይችልም ወይ? የማዳጋስካርና የአልጄሪያ ታሪክ እዚህም መጣ። በ2016 እ.ኤ.አ. የድንጋዩ ዕድሜ እንደገና ሲለካ ደግሞ ከ10 ሚሊዮን ዓመት ወደ 8 ሚሊዮን ወረደ። ጥርሶቹ አልተለወጡም፤ ትርጉማቸው ግን የተቀበሩበት ድንጋይ ዕድሜ ሲለወጥ አብሮ ተለወጠ።

ስለዚህ በወለንጪቲ፣ በመቂ ወይም በመተሐራ አካባቢ መሬት ሲቆፍር ድንጋይ የሆነ ጥርስ ያገኘ ሰው፣ የጉማሬ፣ የዝሆን ወይም የፈረስ ዘመድ እንደሆነ ቢገምት ይሻለዋል፤ ዋጋው ግን አያንስም። በጀማ፣ በሙገር ወይም በዓባይ በረሃ ያገኘ ደግሞ ጠርዙን ይመልከት። በሁለቱም ቦታ መደረግ ያለበት አንድ ነው። ጥርሱን ከቦታው አለማንሳት፣ ፎቶ ማንሳት፣ አጠገቡ ሳንቲም ወይም ማስመሪያ አስቀምጦ መጠኑን ማሳየት፣ የተገኘበትን ቦታና የድንጋዩን ንብርብር መመዝገብ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለቅርስ ባለስልጣን ማሳወቅ አለበት፤ በአቅራቢያው ያለ የባህል ወይም የቱሪዝም ጽሕፈት ቤትም መንገዱን ያሳያል። ኪስ ገብቶ ከተማ የመጣ ጥርስ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ የሚመሰክርለት የለም። የጀማዎቹ ጥርሶች 150 ሚሊዮን ዓመት ተብለው ሊቆጠሩ የቻሉት ከተነሱበት ጭቃ ውስጥ ያ የዕፅዋት ብናኝ ስለተገኘ ነው።